ቱንቢ የዘመመ ጊዜ

የግንበኛውን ስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ቱንቢ ነው የሚሉት። ቱንቢ ማለት ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት፣ ግንበኛ የግድግዳውን መቆም የሚያይበት ክር ነው፤ ይህን ቅጽል ያወጡለትም በከንቱ አይደለም። እሱ የገነባው ግድግዳ ቀጥ ከማለቱ የተነሳ ዝንብ ስታርፍበት ትንሸራተታለች ይባላል። አንድ ክረምት ዐውሎ ነፋስ የሰፈሩን አጥር ሁሉ እያጋደመ መጥቶ የእሱ ግድግዳ ዘንድ ሲደርስ፣ ይቅርታ ጠይቆ በዳር በኩል አለፈ ብለው የሚምሉ ሰዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ነፋሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰምቻለሁ ይላል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ሃምሳን ካለፈ በኋላ መዝመም የጀመረው።

መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ናት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የልብስ ሰፊ ዓይን ደግሞ ክፉ ነው፤ ሰው ሰላም ሲላት እሷ ትከሻውን ትለካለች። አንድ እሑድ ጠዋት ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሆኖ ኮቱን ሲደርብ አፏ ውስጥ የያዘችውን መርፌ አወጣች።

«ቁም እስኪ» አለችው።

«ቆሜያለሁ።»

«ቀጥ ብለህ ቁም።»

«ከዚህ በላይ ቀጥ ብል ጣሪያውን እበሳዋለሁ።»

«ኮቱ ወደ ግራ ወርዷል።»

«አንቺው ነሻ የሰፋሽው።»

«እኔ የሰፋሁት ለሌላ ሰው ነው መሰለኝ። ያኔ የለካሁት ሰውዬ ቀጥ ያለ ነበር።»

አዙራ ጀርባውን በመዳፏ ዳሰሰችው። በቀኝ በኩል ከትከሻው በታች አበጥ ያለ ነገር አለ፤ በግራ በኩል ደግሞ ወገቡ ወደ ውስጥ ገብቷል። እሱ ሳቀ። ሳቁ ግን ከጉሮሮው አልወረደም፤ ወገቡ ካመመው ሰነባብቶ ነበርና። ህመሙን በሲሚንቶው፣ በብርዱ፣ በአልጋው ሲያሳብብ ከርሟል።

የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ግንበኝነት ያስተማረው ሽማግሌም የጀመረው እንዲሁ ነበር። ሽማግሌው መጀመሪያ ዘንበል አለ፤ ቀጥሎ ከመወጣጫው ወረደ፤ ቀጥሎ አልጋ ላይ ወጣ፤ ከአልጋው ግን በእግሩ አልወረደም። ምን ነበር በሽታው ተብሎ ሲጠየቅ ሰዉ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጥና «ክፉው በሽታ ነዋ» ይላል እንጂ ስሙን የሚጠራ አልነበረም። እና ቱንቢ ያን ቀን ኮቱን አውልቆ ሲሰቅል በልቡ ያለው ይኸው ነበር፦ የሽማግሌው ተራ ለእኔ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?

ለሚስቱ አልነገራትም። ለለሳኙ ነገረው።

ለሳኙ ቱንቢ የገነባውን ግድግዳ የሚለስነው ወዳጁ ነው። ከትምህርት ቤት የወጣው አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እንደሚለው ከሆነ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልስ እየሰጠ ስላስቸገረ ነው። መልስ ከዚያ ወዲህም አጥቶ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ቱንቢ በበር ፋንታ ጆንያ የተጋረደበት አንድ ክፍል ውስጥ ሲለስን አገኘው፤ ነገሩንም አጫወተው። ለሳኙ መለሰኛውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ሸሚዝህን አውልቅ።»

«ብርድ ነው።»

«ግድግዳ ብርድ ነው ይላል? አውልቅ።»

የገዛ ቱንቢውን ከኪሱ አውጥቶ ክሩን የቱንቢ ማጅራት ላይ ያዘና ብረቱን ለቀቀው። ብረቱ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ቆመ። መቆም ከሚገባው ቦታ ግን ርቆ ወደ ግራ ነው የቆመው። ለሳኙ በጥርሱ አፏጨ። ከዚያ ውኃ ልኩን አንስቶ በዳሌው ላይ አጋደመው፤ በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ውሻ እንዳየች ድመት ወደ አንድ ጫፍ ሮጠች።

«በቃ፣ ታወቀ» አለ ለሳኙ። «መሠረቱ ሰምጧል።»

«የምን መሠረት?»

«ግራ እግርህ አጥሯል። ግድግዳ ዘመመ ተብሎ ግድግዳውን መነካካት የጀማሪ ሥራ ነው። ስር ነው የሚታየው።»

«እግር ያጥራል እንዴ?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ብሎኬት ተሸክመህበታል፤ ምስማር እንኳ ሲመቱት ይገባል። አንተ ደግሞ ከምስማር ትጠነክራለህ?»

ቱንቢ ይህን ሲሰማ እንዴት ደስ እንዳለው። መሠረት መስጠም እሱ የሚያውቀው ነገር ነው፤ መድኃኒቱንም ያውቀዋል። ለሳኙ ከሳንቃ ላይ ሽብልቅ ጠረበለት፤ በስፖንጅ ጠቅልሎም ግራ ጫማው ውስጥ ሸጎጠለት። ቱንቢ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ራሱን ረዝሞ ስላገኘው በየበሩ ጉበን ሥር አንገቱን ዝቅ እያደረገ ገባ። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም፤ ብትሰማ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እስከ መጪው ክረምት የሚስቁበት ነገር ታገኝ ነበር።

ደስታው ግን አልከረመም። ወገቡ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ይንቋቋ ጀመር። ህመሙ ወደ ቂጡ ወረደ፤ ከቂጡም ወደ ጭኑ። ለለሳኙ ቢነግረው «ሲሚንቶም ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ታገስ» አለውና ሽብልቁን ወፈር አድርጎ ጠረበለት። ቱንቢ ታገሰ። ታግሶ ታግሶ አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሚስቱ ክሩን አሰረችለት፤ በዚያው ክንዱን ያዘችና ሳትለቀው ሐኪም ቤት አደረሰችው።

የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ጠባብ ነው፤ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ጉልበቱን ካልሰበሰበ የሚያልፈው ሰው ይሰናከልበታል። ሚስቱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቀረች፤ እሱ ብቻውን ገባ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ መነጽሯ ከፊቷ ይሰፋል።

«ጋሼ፣ ማታ ማታ ላብ ያልብዎታል? ትኩሳት? ሳል? ክብደት ቀንሰዋል? እግርዎ ይዝልብዎታል? ሽንትዎንስ ይቆጣጠራሉ?»

«እኔ ጀርባዬን ነው ያመመኝ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፤ ይመልሱልኝ ብቻ።»

መለሰላት። አስቁማ አየችው፤ ጎንበስ አድርጋ አየችው፤ በእግር ጣቱ አስኬደችው። ከዚያ ራጅ ላከችው። ራጅ ክፍል ጫማ አውልቅ ተባለ። ቱንቢ ዞር ብሎ ሽብልቁን ከጫማው ወደ ካልሲው አዛወረ። ሰው ፎቶ ሲነሳ ቀጥ ብሎ መነሳት አለበት፤ ሽብልቁ የወጣ ግድግዳስ ማን ፎቶ ያነሳል? ፎቶ አንሺው አላየውም። ሐኪሟ ግን ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ ግንባሯን ቋጠረች።

«አከርካሪዎ ወደ ጎን ተጣሟል። ዳሌዎ ደግሞ ባልጠበቅሁት በኩል ነው ከፍ ያለው፤ ይህ አልገባኝም» አለች። «በአዋቂ ሰው ይህ የሚመጣበት ምክንያት ብዙ ነው። በልጅነት ጀምሮ ሳይታወቅ የሚኖር አለ። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ የመሰለ ነገር በዕድሜ ሲያልቅ፣ በአንድ ወገን እየወረደ የሚያጣምም አለ። አጥንት ሳስቶ ሲሰበር ይመጣል፣ እግር ሲበላለጥ ይመጣል፣ ጡንቻና ነርቭ ሲታመም ይመጣል። አልፎ አልፎም ነቀርሳ ይሆናል፤ እሱን...»

ከዚህ በኋላ ቱንቢ የሐኪሟ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ እንጂ ድምፅ አልሰማም። ከተናገረችው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ጆሮው ውስጥ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ክንዱን ዘርጋ ሲሉት ዘረጋ፣ ደሙን ቀዱት። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ሌላ ፎቶ ይነሱና ውጤቱን እነግርዎታለሁ አለችው፤ ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፈችለት። ወጣ።

«ምን አለችህ?» አለች ሚስቱ።

«ነቀርሳ።»

ሚስቱ ከወንበሯ ተነስታ እንደገና ተቀመጠች።

ሰው መሞቱን በብዙ መንገድ ሊያውቅ ይችላል፤ ቱንቢ ያወቀው በሚስቱ ጠባይ ነው። በተጋቡበት ዘመን ሁሉ «አንተ ሰውዬ» ስትለው የኖረች ሴት ያን ማታ «የኔ ጌታ፣ ትራስ ልጨምርልህ?» አለችው። ቱንቢ ጀርባው ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የፈሰሰበት መሰለው። በማግስቱ ጭቃ የነካው ጫማውን ሳያወልቅ እስከ መኝታ ክፍል ገባ፤ ምንም አላለችውም። ሆን ብሎ መስኮቱን ከፍቶ ተወው፤ ተነስታ ዝም ብላ ዘጋችው። በመጨረሻ ሊፈትናት ብሎ፣ «ከእኔና ካንቺ ሒሳብ የምችለው እኔ ነኝ» አላት።

«እውነትህን ነው፣ የኔ ጌታ።»

በቃ፣ አለቀልኝ አለ በልቡ። ሒሳብ እንደማይችል ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

መሣሪያዎቹን በከረጢት ሰብስቦ ለሳኙ ዘንድ ሄደ። መዶሻው፣ የሲሚንቶ ማንኪያው፣ ውኃ ልኩ፣ ሽማግሌው ያወረሰው ቱንቢ ሳይቀር አለበት።

«ከአንተ ሌላ የሚገባው ሰው የለም» አለው። «እኔ እንደ ሽማግሌው መሄዴ ነው።»

ለሳኙ ከረጢቱን ተቀብሎ አለቀሰ። በሲሚንቶ እጁ ዓይኑን ስለጠረገ የባሰውን አለቀሰ። ትንሽ ቆይቶም ከረጢቱን ከፈት አድርጎ አየና፣

«ብሎኬት መቁረጫዋስ?» አለ።

«እሷን ሚስቴ ደብቃት ይሆናል።»

«ግዴለም፣ ከቀብር በኋላ እጠይቃታለሁ።»

ታላቅ እህቱ ወሬው በደረሳት በማግስቱ ሻንጣ አንጠልጥላ መጣች። እናታቸው ሥራ ላይ ስትውል ወንድሞቿን አዝላ ያሳደገች ሴት ናት፤ አሁን አርጅታለች፤ ድምፅዋ ግን አላረጀም። ደጃፉ ላይ ስታለቅስ የጎረቤት ውሾች አብረዋት አላዘኑ። ቱንቢ እሷን ሲያባብል ዋለ። ሞቱ የእሱ ሆኖ ሳለ የሚያባብለው እሱ መሆኑ ትንሽ ከፋው።

የቀጠሮው ቀን ሦስቱም ሄዱ። ፎቶ አንሺው ያን ቀን ሌላ ሰው ነበር፤ ካልሲም ይውለቅ አለ። ሲወልቅ ሽብልቁ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ሰውየው አንስቶ ገለባበጠው፣ ቱንቢን አየው፣ አንድም ቃል ሳይናገር ከፎቶው ጋር ለሐኪሟ ላከው።

ሐኪሟ ዘንድ ሲጠሩ እህቱና ሚስቱ ተከትለው ገቡ።

«አንድ ሰው ብቻ ቢገባ...» አለች ሐኪሟ።

«እኔ ነኝ ያሳደግሁት» አለች እህቱ፤ ወንበሩንም ያዘች።

ሐኪሟ ተሸነፈች። ወረቀቱን አየች። ቱንቢ የቀኝ እጁን በግራ እጁ ጨብጦ ግድግዳው ላይ ያለውን የልስን ስንጥቅ ያያል። ክፉ ልስን ነው፤ ሰው የመጨረሻ ፍርዱን የሚሰማው እንዲህ ያለ ግድግዳ ሥር መሆኑ ያሳዝናል አለ በልቡ።

«ደምዎ ንጹሕ ነው» አለች። «ፎቶውም ጥሩ ነው። ነቀርሳ የለም።»

ሚስቱ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«የለም ማለት ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው?» አለች ሚስቱ።

«የለም ማለት የለም ማለት ነው።»

«ልጄ፣ አትደብቂኝ» አለ ቱንቢ። «ስንት ጊዜ ቀረኝ?»

«ለምኑ?»

«ለመሞት ነዋ።»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። ስታወልቀው ይበልጥ ልጅ መሰለች።

«ጋሼ፣ እኔ ያልኩዎት የሳንባ ነቀርሳ የሚባለውን፣ አንዳንዴ ወርዶ አከርካሪ የሚይዘውን ነው። ቢገኝም በመድኃኒት ይድናል ብዬዎት ነበር። እርስዎ ካንሰር ነው ያሉት?»

«ነቀርሳ ነዋ ያልሽው።»

«ሁለቱንም ነቀርሳ እንላቸዋለንና» አለች ቀስ ብላ። «ደግሜ ማስረዳት ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያኛውም ቢሆን የለም፤ ፎቶው ላይ የሚያስጠረጥር ነገር አላየሁም። ሰሙኝ አሁን? ሁለቱም የለም።»

ቱንቢ ሰማ። ከሳምንት ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ ወፍራም ሰው የተነሳ መሰለው። መተንፈስ ጀመረ፤ ሲተነፍስም ትንፋሹ አላልቅ አለው፤ የክፍሉ መጋረጃ እንኳ ተነቃነቀ ይላሉ። እህቱ ልታለቅስ አፏን ከፍታ ነበር፤ ምኑን እንደምታለቅስ ስላጣችው መልሳ ከደነችው።

«ታዲያ ምንድነው ያጎበጠኝ?»

«እሱን አብረን እንየው። መጀመሪያ ግን ይሄ ምንድነው?» ሐኪሟ ሽብልቁን ከጠረጴዛዋ ላይ በሁለት ጣት አነሳችው።

ቱንቢ ነገራት፤ ዓይኑ ግን ሚስቱ ላይ ነበር። የሚስቱ ዓይን ሽብልቁ ላይ ነው።

«እግሮችዎ እኩል ናቸው» አለች ሐኪሟ። «ለክቻቸዋለሁ። ያለ ሽብልቁ ዳሌዎም ልክ ነው። ያን የመጀመሪያ ፎቶ ያበላሸብኝ፣ ህመሙንም ወደ ጭንዎ ያወረደው ይሄ እንጨት ሳይሆን አይቀርም።»

«እኩልስ አይደሉም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። በውኃ ልክ ነው የተለካው።»

«የት ቆመው?»

«እዚያው ሥራ ቦታ፣ መታጠቢያ ቤት ው...»

የመታጠቢያ ቤት ወለል ውኃው ወደ ማፍሰሻው እንዲወርድ ተብሎ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ያን ወለል ያዘነበለው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ እሱ ራሱ ነው፤ እንዲያውም ተመርቆበታል። ሁለት የተመሰገኑ ባለሙያዎች ዘመም ባለ ወለል ላይ ቆመው ወለሉን ትተው እግር ኮንነዋል።

«ምን ሆንክ?» አለች ሚስቱ።

«ምንም» አለ። ጆሮው ግን ቀልቷል። ኋላ አስረዳት፤ ማስረዳቱ ግን አልጠቀመውም።

ሐኪሟ ፎቶውን በጣቷ ተከተለች። ሁለት ዓይነት ነገር አየሁ አለች፤ መጣመሙ ራሱ የድሮ ነው፣ አጥንቶቹ አብረውት አድገዋል። በዕድሜ ደግሞ ታች ወገቡ ላይ ያሉት ትራሶች በአንድ ወገን ሳስተዋል፤ አሁን የሚያመው እሱ ነው።

«በልጅነትዎ ጀርባዎ ጠመም ማለቱን ያየ ሰው አልነበረም?»

«እኔ? እኔ እንደ ሸምበቆ ነበርኩ።»

«ምን ሸምበቆ» አለች እህቱ። «ዘንበሌ አልነበር የምንልህ?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ዘንበሌ ነበር የሚባለው» አለች ለሐኪሟ። «ጺም ማብቀል ሲጀምር። እናታችን ሸሚዙን ስትሰፋ አንዱን ትከሻ ዝቅ ታደርግለት ነበር።»

«እትዬ፣ ለምን ታዲያ አልተነገረኝም?»

«ለአንተ? አንተ እኮ ከስምንት አራተኛው ነበርክ፤ ማን አየህ? ደግሞ ውኃ በአንድ እጅህ ስለምትቀዳ ነው ብለን ዝም አልን።»

«ውኃ በመቅዳት አይመጣም» አለች ሐኪሟ። «እንዲህ ያለው ልጅ ሲያድግ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም። ማንም አላጠፋም። በአጭሩ ጋሼ፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ ትንሽ ጠማማ ነዎት።»

«ይህንንማ ራጅ ሳታነሺው እኔ ልነግርሽ እችል ነበር» አለች ሚስቱ።

ቱንቢ ቀና ብሎ አያት። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ክፉ ቃል ነች። እንዴት ጣፈጠችው።

«ሥራዬስ?» አለ። ይህን ለመጠየቅ እስካሁን አልደፈረም ነበር።

«ይሠራሉ። ብሎኬቱን ግን ሌላ ሰው ይሸከም፤ እርስዎ ይደርድሩ። የጀርባና የሆድ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የሚያሳይዎት ሰው ዘንድ እልክዎታለሁ። በየጊዜው ፎቶ እያነሳን እንከታተላለን፤ ቢጨምርም ቀስ ብሎ ነው። እግርዎ ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ሽንትዎን መቆጣጠር ካቃተዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ። ሽብልቅ ደግሞ ለበር ይሁን።»

ቱንቢ ሲነሳ ሐኪሟን መርቆ አልጠግብ አለ፤ እህቱ መነጽሯን ሳይቀር መረቀችላት።

እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ሚስቱ ፊት ፊት ሄደች። በሩን እንደተሻገሩ ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ አንስታ ዓይኗን ጠረገች፤ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከዚያ ጀመረች።

«ሳንቃ» አለች። «ሰው በካልሲው ውስጥ ሳንቃ ይዞ ይዞራል? እኔ እዚያ ኮሪደር ላይ ስለት ስሳል አንተ ሳንቃህን ታዛውራለህ?»

«ለፎቶው ብዬ እኮ...»

«ዝም በል። ደግሞ ሒሳብ እችላለሁ አልከኝ። እውነትህን ነው አልኩህ። ይህን ቃሌን አሁኑኑ መልስልኝ።»

«መልሼልሻለሁ።»

«የኔ ጌታ ያልኩህንም መልስ። ሁሉንም። ጫማህን ሳታወልቅ እስከ መኝታ ስትገባ ያኔ ያላልኩህን አሁን ነው የምልህ።»

አለችውም። መሣሪያህን ለለሳኙ አሸክመህ መጣህ አለች፤ ያ ሰውዬ እኮ ነገ ሲያይህ ከሞት ተነሳህ ብሎ ሳይሆን መዶሻው ሊሄድበት ነው ብሎ ነው የሚደነግጠው፤ አንተው እንደነገርከኝ፣ ገና ለገና ብሎኬት መቁረጫዋን ከቀብር በኋላ ሊጠይቀኝ? ሐኪም አንድ ቃል ስትናገር ቀሪውን ካልሰማህበት እግዜር የሰጠህ ሁለት ጆሮ ለምንህ ነው? እህቱ ከኋላ እየተከተለች ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች።

ቱንቢን ወገቡ አሁንም ያመዋል። ግን ህመሙ የሚያውቀው ህመም ሆኗል፤ ስም አለው፣ ዕድሜ አለው፣ እንዲያውም ከሚስቱ በፊት ያገኘው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ራበው። ከሳምንት በኋላ የመጣ ረሃብ ነው፤ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን ጡብ እንኳ ዳቦ አስመሰለለት። ይህን ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ግን ንግግሯን ማቋረጥ አልፈለገም።

የቤታቸው በር ዘንድ ሲደርሱ ሚስቱ ገና እናቱ የሰፋችለትን ሸሚዝ ጉዳይ መጀመሯ ነበር። ቱንቢ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው።

«አልጨረስሽም» አላት። «አንዴ ሰፈሩን እንዙር።»

«እንዙር» አለች፤ ክንዱን ያዘችና ካቆመችበት ቀጠለች።